አይማፕን ላስተዋውቃችሁ

ዛሬ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ነገ ቅርንጫፍ የሚሠራ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ኦዲተሩ፣ በእረፍት የወጣን ሰው የምትተካዋ ገንዘብ ያዥ፣ የራሱ ጠረጴዛ ያልተሰጠው አዲስ ተቀጣሪ። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጡ ኢሜይላቸው እንደተዉት የሚያገኙት አይማፕ በሚባለው የኢሜይል ፕሮቶኮል ነው። ሥራውን ድምፅ ሳያሰማ ስለሚሠራ የሚያመሰግነው አላየሁም።

የነደፈው ማርክ ክሪስፒን ነው፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1986 እ.ኤ.አ.። ፖፕ የሚባለው ታላቅ ወንድሙ በ1984 ቀድሞት ወጥቷል። የፖፕ ነገር አጭር ነው፤ ይገባል፣ ደብዳቤውን ያወርዳል፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውን አጥፍቶ ይወጣል። በስልክ መስመር እየደወሉ ኢንተርኔት ለሚገቡ፣ በደቂቃ ለሚከፍሉ ሰዎች ግሩም ነበር። አይማፕ ግን ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አያስነሳውም፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ የምታዩት ቅጂውን ነው።

የአይማፕ ሴቲንግ አሞላሉ ቀላል ነው፤ ለገቢው ፖርት 993፣ ለወጪው 587፣ ሁለቱም በምስጢር የተቆለፉ።

ብዙ የሚያከራክረኝ ሌላ ነው። «ፖፕም ቢሆን ‹ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ› የምትለዋን ሳጥን ምልክት ካደረግንባት ያው አይደል?» ይሉኛል፣ የአይቲ ባለሙያዎች ጭምር። ያው አይደለም! ፖፕ «ይህን አንብቤዋለሁ» ብሎ ለሰርቨሩ የሚናገርበት ቋንቋ የለውም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ኮምፒውተር ላይ አንብባችሁ የጨረሳችሁት ሁሉ ከሰዓት ሌላው ላይ በደማቅ ፊደል አዲስ ሆኖ ይቆያችኋል። ፎልደር ከፍላችሁ ብታስተካክሉም የተስተካከለው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የላካችሁትማ የከፋ ነው፤ በላካችሁበት ኮምፒውተር ይቀራል። አንዲት የግዥ ባልደረባ ቅርንጫፍ ከቀየሩ በኋላ «ልጄ፣ ለአቅራቢው የጻፍኩት የታለ?» ብለው ጠሩኝ። የቀድሞው ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። «እትዬ፣ አቅራቢውን መልሶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት» ከማለት ሌላ መላ አልነበረኝም። ሳጥኗም በሚገባ ምልክት ተደርጎባት ነበር።

አይማፕ በየደብዳቤው ላይ ምልክት ይይዛል፤ ተነቧል፣ ተመልሶለታል፣ ትኩረት ይሻል፣ ረቂቅ ነው፣ ይጥፋ። የሚቀመጡት ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ የትም ብትሄዱ ይከተሏችኋል። እኔ የምወደው «ይጥፋ»ን ነው። ምልክት እንጂ መጥፋት አይደለም፤ ደብዳቤው የሚጠፋው ሌላ የማጽዳት ትእዛዝ ሲከተል ነው። እስከዚያ ድረስ ምልክቱን ማንሳት ይቻላል። አንዳንድ ፕሮግራም ደብዳቤውን ሰርዞበት የሚያሳየው፣ ሰዎችም «ሰርዤው ለምን አይሄድም?» ብለው የሚበሳጩት በዚሁ ምክንያት ነው። መበሳጨት ትታችሁ አመስግኑት፤ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ እየሰጣችሁ ነው።

ይህን ስል ግን አይማፕን መጠባበቂያ አድርጋችሁ እንዳትተማመኑበት። እዚህ ጠርጋችሁ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል። ደግሞ በጋራ ኮምፒውተር ላይ «ፓስወርዴን አስታውስ» ብለው የሚሄዱ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አይገባኝም፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የደመወዝ ድርድራችሁን ቡና እየጠጣ ያነበዋል። ዊንዶውስ ላይ ለየሰዉ የራሱ መግቢያ ይከፈት። ለአንድ ቀን ብቻ የምትቀመጡ ከሆነ በብራውዘር ገብታችሁ፣ ሠርታችሁ፣ በትክክል ወጥታችሁ ሂዱ።

ሌላው የሚዘነጋው የ«የተላኩ» ፎልደር ነው። አንዱ ፕሮግራም በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም ይከፍትና ሰርቨሩ ላይ ሁለት ይሆናሉ። ሁሉም ኮምፒውተሮች ወደ አንዱ እንዲያስቀምጡ በየሴቲንጉ ምረጡ።

ከፖፕ የምትሻገሩ ከሆነ የድሮውን አካውንት ቸኩላችሁ አታጥፉ። አይማፑን ከጎኑ ክፈቱ፣ ሰርቨሩ ላይ ያላችሁ ቦታ እንደሚበቃ አረጋግጡ፣ ከዚያ የቆዩትን ደብዳቤዎች ፎልደር በፎልደር እየጎተታችሁ ወደ አዲሱ ገልብጡ። ኔትወርኩ ሲዘገይ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት ከሄደም መሃል ላይ ይቆረጣል። ጠዋት የሁለቱን ወገን ቁጥር አስተያዩ፤ እኩል ከሆነ የድሮውን መዝጋት ይቻላል።