ዶክተርዬ፣ ማነው የሚገዛህ?

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀለም! ለመሆኑ ማነው የሚገዛህ?»

ይህን ያለችው ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ የምትሸጥ ልጅ ናት። የተባለው ደግሞ እጮኛዋ። ከዕፅዋት የክር ማቅለሚያ አወጣለሁ ብሎ ዶክትሬቱን የሚሠራ፣ እዚያው ጉለሌ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ምሁር። ልጁ ክፉኛ ተቀየመ። ሠርጉ ሁለቴ ተራዝሟል፤ ቤተሰቦቿም «ሲጨርስ፣ ሲጨርስ» መባሉ ሰልችቷቸዋል። ዳኛ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነኝ። አንባቢያን፣ እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን ለልጅቷ ፈረድኩላት!

የዶክትሬት ተማሪያችን መመራመርና መጻፍ ይማራል። ግኝቱን ማን እንደሚፈልገው፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ የማን ንብረት እንደሆነ የሚያስተምረው ግን ከስንት አንድ ነው። ጥራዙ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ታውቋቸዋላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት እነዚያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማትን አገኙ። በኋላ የእናቶቻችን ሳሙና በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎለ ለበሶችን እንደሚገድል ታወቀና ፓተንት ተወሰደበት። ከፈልሳፊዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም አለ፤ ባለቤቱ ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጤፉንማ አታንሱብኝ! የሆላንድ ፍርድ ቤት የዚያን ኩባንያ ፓተንት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 «አይ ኮርፕስ» የሚባል ሥልጠና ጀመረ። ተመራማሪው ከላቦራቶሪ ይወጣና በ7 ሳምንት 100 ያህል ሰው ያናግራል። ሊሸጥ ሳይሆን ሊጠይቅ። ለኛ ምሁር ይህንን ስነግረው ሳቀ። ልጅቷ ግን እጁን ይዛ ሸማኔዎቹ ዘንድ ወሰደችው።

አንድ አዛውንት ክሩን ተቀብለው በምራቃቸው አራሱና ነጭ ጨርቅ ላይ አሹት። አልለቀቀም። ቀና ብለው «በረኪና ሲነካውስ?» አሉ። ጸጥ! ልጁ በፀሐይ ፈትኗል፣ በሳሙና ፈትኗል። ነጠላ የሚያነጣ ሰው በረኪና እንደሚጨምርበት ግን ያነበበው ጽሑፍ ሁሉ አልነገረውም። ሌላው ሸማኔ ደግሞ ለአንድ ጥለት ብቻ የሚበቃ በትንሽ ታሽጎ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀው። የዋጋ ትምህርት ማለት ይቺ ናት! ማታውኑ ደብተሩ ላይ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ ብላኛለች።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሸማኔውን ስታናግር ቀለሙ ምን እንደሚሠራ ንገረው፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ዝም በል። በብዙ አገር አንዴ አደባባይ የወጣ ነገር አዲስ ፈጠራ ነው ተብሎ አይመዘገብም። መጽሔት ላይ ከማሳተምህ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ደጅ ርገጥ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ራስ ገዝ ሆኗልና ገቢ ይፈልጋል፤ የትም ተማር የት፣ ግኝትህ ቢሸጥ ድርሻህ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቅ። አማካሪህ ቢኮሳተርም ጠይቅ።