እስኪከፈት ድረስ

ክፍል 4

ባለፈው ክፍል፦ የጋሽ ወርቁን ግቢ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቡላ በሩ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጋሽ ወርቁ ዳብሰው ዳብሰው የተሰበረ ነገር አጡባት። የልጅ ልጃቸው ማርታ ግን ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ ድዷ እኮ ነጭ ሆኗል» አለች። ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ያን አላየም። ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሟ አልትራሳውንዱን ቡላ ሆድ ላይ እንዳሳረፈች ድንገት ዝም አለች።

*

«ይኸውላችሁ» አለች ዶክተር ሰላም በመጨረሻ፣ ጣቷን የማሽኑ መስታወት ላይ አድርጋ። «ይኼ ጣፊያዋ ነው። ይኼ ደግሞ ጣፊያው ላይ የበቀለ እብጠት፤ ብርቱካን ያህላል። ዙሪያውን ጥቁር ሆኖ የሚታየው ደም ነው። እብጠቱ ተሰንጥቆ ሆዷ ውስጥ ደምቷል። የጣላት እሱ ነው።»

ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አሰገጉ። የሚታያቸው ግራጫ ጉም ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት ያሳለፉ ሰው ናቸውና ግን የሰሙት በቃቸው።

«አሁንም እየደማ ነው?»

«ቆሟል። የረጋው ደም ስንጥቁን ደፍኖታል። ነገ ይከፈት፣ ከወር በኋላ ይከፈት፣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።»

«ካንሰር ነው?»

«ከውጭ ሆኖ አይታወቅም፣ አባባ። አልትራሳውንድ እብጠት መኖሩን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም። በመርፌ ልቅዳ ብል ደግሞ ይደማብኛል፤ የምቀዳውም ደም ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው ጣፊያው ወጥቶ፣ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ፣ ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው።»

«እስኪከፈት ድረስ አይታወቅም ነው የምትዪኝ?»

«አዎ። በሙያችን አንድ የቆየ ስሌት አለ። ጣፊያቸው ላይ እብጠት ከተገኘባቸው ሦስት ውሾች የሁለቱ ክፉ ነው ይባላል። ከክፉዎቹም ከሦስት ሁለቱ ሄማንጂዮሳርኮማ የሚባለው ነው፤ ከደም ሥር ግድግዳ የሚነሳ ካንሰር። እንደ ቡላ ደምቶ የመጣ ሲሆን ጥርጣሬው ይከብዳል።»

«እሱ ከሆነስ?»

«ጣፊያውን አውጥተንም አብዛኞቹ የሚቆዩት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው። ኬሞቴራፒ ሲጨመርበት ከአራት እስከ ስድስት ወር። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኩዎት አታለልኩዎት ማለት ነው።»

«ካልሆነስ፣ ልጄ?»

ዶክተር ሰላም የቡላን ጆሮ ዳሰሰች። «ካልሆነ፣ የረጋ ደም ቋጠሮ ወይም የእርጅና እባጭ ብቻ ከሆነ፣ ጣፊያው ሲወጣ በሽታውም አብሮት ይወጣል። ውሻ ያለ ጣፊያ ይኖራል።»

ጋሽ ወርቁ ያችን ከሦስት አንዷን ዕድል ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ቡላ ተነሳች።

መነሳት ብቻም አይደለም፤ በሽሮ የተፈተፈተላትን እንጀራ ጠርጋ በላች፤ ረፋድ ላይ ቆራሌው በመንደሩ ሲያልፍ በሩ ድረስ ሮጣ ጮኸችበት። ማርታ አጨበጨበች። አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «እንኳን ማረልዎ» አለ።

ይህችን ቀን እንዲሁ ላልፋት አልፈልግም፤ ያረጀ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቃት ይገባል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሁሉ ባክኖ አይቀርም። ሰውነት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል፤ የድዱ ቀለም ይመለሳል፤ እግር ይጸናል፤ የምግብ ፍላጎት ይመጣል። እብጠቱ ግን የትም አልሄደም። በዚህች ደግ ቀን «ድናለች» ተብላ ቀጠሮዋ የተተወ ስንት ውሻ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው መድማት፣ ሌሊት፣ ሰው ሳያያት ሞታለች! ዛሬ ወድቃ ነገ የምትነሳ ውሻ ካለቻችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ቀጠሮውን ግን አትሰርዙ።

ጋሽ ወርቁ ይህን ከዶክተር ሰላም አፍ ሰምተዋል። ቢሆንም የቡላ ጅራት ጉልበታቸውን ሲመታቸው ልባቸው ወላወለ። ጤነኛ የምትመስልን ፍጥረት በገዛ እግሯ አስኪዶ ቢላ ሥር ማስተኛት እንዴት ይቻላል?

ማታ ልጃቸው ሰናይት መጣች። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ዝም ብላ ቆየችና ጀመረች።

«አባዬ፣ ልቆጣህ አልመጣሁም። ግን ሰው መድኃኒት መግዣ አጥቶ ሆስፒታል በር ላይ በሚለምንበት አገር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ውሻ ቀዶ ሕክምና ስናሠራ ምን እንባላለን?»

ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው፤ ይህን ታሪክ ስጽፍ እኔም ልሸሸው አልፈልግም። ነገር ግን ቡላ ስለተተወች ለዚያ ለማኝ መድኃኒት የሚገዛለት የለም። ብርዱንና ሌሊቱን ያሸከምናት፣ በግቢያችን የዘጋንባት ፍጥረት ደግሞ ከእኛ በቀር ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት የላትም። ዕዳው የእኛ ነው።

ጋሽ ወርቁም አልተቆጡም። «ሰው የሚለውን ተይው» አሉ። «ልቧን አዳምጠውታል፣ ደህና ነው። ኩላሊቷም ደህና ነው። የታመመው ጣፊያዋ ነው እንጂ ዕድሜዋ አይደለም። እርጅና በሽታ አይደለም።»

ሰናይት ሲኒዋን አስቀመጠች። «ምን አልክ?»

«እርጅና በሽታ አይደለም አልኩ።»

«ለዓይንህ ቀጠሮ ሲሰጥህስ ምን ነበር የምትለው? ‹አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ላይበት ነው› አላልክም? ሦስት ዓመት ሙሉ! የሞራ ቀዶ ሕክምና በዕለቱ ገብተህ በዕለቱ የምትወጣበት ነው። የቡላን ድድ እኮ ያላየኸው…» ቀሪውን ዋጠችው።

ከሰሉ ሲንጣጣ ብቻ ተሰማ።

«የቡላን እኔ እከፍላለሁ» አለች ሰናይት ቆይታ። «አንተ ደግሞ ዓይንህን ትታከማለህ።»

«እሷ ከተነሳች እገባለሁ።»

«አይሆንም። ብትነሳም ባትነሳም።»

ጋሽ ወርቁ ለዚህ መልስ አልሰጡም።

ዶክተር ሰላም የተማረችው ቢሾፍቱ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ቀዶ ሕክምናውን እዚያው የሚያስተምሩት የቀድሞ መምህሯ እንዲሠሩት አስማማች፤ እሷም ልታግዝ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ አላሳሰባትም። ያሳሰባት ደሙ ነው። የቡላ ቀይ ደም ወደ 21 ከመቶ ወርዷል፤ ጤነኛ ውሻ ከ37 አያንስም።

«የሚለግስ ውሻ እንፈልጋለን» አለች በስልክ። «ጎልማሳ፣ ጤነኛ፣ ከ25 ኪሎ በላይ የሚመዝን።»

በሰፈሩ እንዲህ ያለ ውሻ አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤቱ የአቶ ከበደ ጃክ። አቶ ከበደ ደግሞ በቡላ የሌሊት ጩኸት እንቅልፍ አጣሁ ብለው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የላኩ ሰው ናቸው። ማርታ ሮጣ ነገረቻቸው። ሰውዬው ጥቂት አሰቡና የመኪናቸውን ቁልፍ አነሡ።

«ባለፈው ክረምት የእኔን አጥር የዘለለውን ሌባ ያባረረችው ማን ሆነና?» አሉ።

ቢሾፍቱ ላይ የሁለቱ ደም አብሮ መሄዱ ተፈተነ፤ ከጃክ 450 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ወደ ቡላ መውረድ ጀመረ። ጃክ ቁራሽ ሥጋ ተሰጥቶት መኪናው ውስጥ ተኛ። ቡላ የደረት ራጅ ተነሣች፤ ሳንባዋ ላይ የሚታይ ነገር አልተገኘም። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ጠጡ።

ከዚያ የስምምነት ፎርሙ መጣ። ጋሽ ወርቁ እስክሪብቶውን ይዘው የፊርማውን መስመር ፈለጉ፤ ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ አጡት። ሰናይት ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችና ፈረመች።

ቡላን ሊያስገቧት ሲሉ ጋሽ ወርቁ የዶክተር ሰላምን ክንድ ያዙ። «ልጄ፣ አላሰቃይሽም ብያታለሁ። ቃሌን አደራ።»

በሩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ማርታ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። አቶ ከበደ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰናይት ስልኳን ታወጣለች፣ ትመልሳለች። በሩ ሲከፈት አራቱም ባንድነት ተነሡ። አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ወጣት ተማሪ ነው፤ ስልክ ይዟል።

«ጣፊያው ወጥቷል» አለ። «መድማቱም ቆሟል። ግን ጉበቷ ላይ ነጠብጣብ አግኝተናል፤ አራት አምስት ቦታ።»

«ጠቆር ያለ ነው ወይስ ነጣ ያለ?» ጠየቁ ጋሽ ወርቁ።

ተማሪው የተነሳውን ፎቶ አሳያቸው። ጋሽ ወርቁ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ያው ግራጫ ጉም።

«ካንሰሩ የተዘራ ሊሆን ይችላል» ቀጠለ ተማሪው። «ባረጁ ውሾች ጉበት ላይ የሚወጣ ጉዳት የሌለው እባጭም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በዓይን ለይቶ መናገር አይቻልም። ናሙና ወስደናል፤ ውጤቱ ግን ዛሬ አይደርስም። ዶክተር የሚሉት፦ ሆዷን ሰፍተን እናንቃት ወይስ እንደተኛች ትረፍ? ብዙ መጠበቅ አንችልም።»

ጋሽ ወርቁ ስልኩን መለሱ። እርጅና በሽታ አይደለም ብለው የተሟገቱት ሰው ድምፃቸው ሰለለ።

«አታንቋት» አሉ። «ጉበት የደረሰበትን ሕመምተኛ ስንቱን አስታምሜያለሁ። መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ያን እንድታየው አልፈልግም።»

«አባዬ!» ሰናይት በመካከላቸው ገባች። ትናንት ሰው ምን ይለናል ያለችው እሷ ናት፤ አሁን እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። «እስኪታወቅ አይፈረድባትም ያልከው አንተ አይደለህም? እባጭ ብቻ ሊሆን ይችላል እያለህ ነው። አንቋት!»

«አታንቋት ብያለሁ!»

ማርታ ማልቀስ ጀመረች። ከውስጥ የዶክተር ሰላም ድምፅ፣ «መልሱን ቶሎ!» እያለ ተጣራ።

ተማሪው አንዴ ወደ አባት፣ አንዴ ወደ ልጅ ተመለከተ።

«ይቅርታ» አለ። «ፎርሙ ላይ የፈረመው ማን ነው?»

ይቀጥላል