የልብ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሕመም፦ ምንነቱ፣ ምርምሩና የተገልጋዩ መብት

የደረት ሕመም ተሰምቶት ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ የተላከ ታካሚ፣ የልብ የደም ሥር ምርመራ ተደርጎለት «ትልልቆቹ የደም ሥሮች አልተዘጉም» የሚል ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ውጤቱ እፎይታን ይሰጣል፤ ሕመሙ ግን ያው በቦታው ነው። ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያና ለምርመራ ወጪ ያወጣው ቤተሰብም «ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለብዙ ታካሚዎች የጥያቄው መልስ የሚገኘው በምርመራው ምስል ላይ በማይታዩት የልብ ጥቃቅን የደም ሥሮች ዘንድ ነው። ይህ ጽሑፍ የሕመሙን ምንነት፣ በዘርፉ የተካሄዱ ምርምሮችን፣ በሕክምና ምርምር የሚሳተፍ ሰው ያለውን መብት እንዲሁም በሁለቱ ከተሞችና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ተገልጋዮች አገልግሎት ለማግኘት ሊከተሉት የሚገባውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ልብ ለመላው አካል ደም የሚረጭ ጡንቻ እንደመሆኑ መጠን ለራሱም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ይህንን የሚያገኘው በላዩ ከተዘረጉት ትልልቅ የደም ሥሮች ሲሆን፣ እነዚህም እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ ወደ ጡንቻው ውስጥ ይገባሉ። ስፋታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች፣ ሰው ሲሠራ፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ሲጨነቅ ሰፋ ብለው ተጨማሪ ደም ያሳልፋሉ፤ ሲያርፍ ደግሞ መልሰው ይጠባሉ። ወደ ልብ ጡንቻ የሚገባውን የደም መጠን በዋነኛነት የሚቆጣጠሩት እነርሱ ናቸው።

ሕመሙ የሚከሰተው እነዚህ ጥቃቅን የደም ሥሮች በሚፈለገው መጠን መስፋት ሲያቅታቸው፣ ግድግዳቸው ሲወፍር ወይም ያለ ጊዜያቸው ሲኮማተሩ ነው። ትልልቆቹ የደም ሥሮች ክፍት ቢሆኑም ደሙ ጡንቻው ዘንድ በበቂ መጠን አይደርስም። ዋናው የውኃ መስመር ደህና ሆኖ፣ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገቡት ቀጫጭን ቧንቧዎች ሲጠቡ ከሚፈጠረው የውኃ እጥረት ጋር ይመሳሰላል።

አንጂዮግራፊ በመባል የሚታወቀው ምርመራ ለደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ በራጅ የሚነሳ ምስል በመሆኑ በጉልህ የሚያሳየው ትልልቆቹን የደም ሥሮች ብቻ ነው። በመሆኑም «የተዘጋ የደም ሥር የለም» የሚለው ውጤት «ሕመም የለም» ከሚለው ጋር አንድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ምልክቶቹና ተጋላጭነት

በብዛት የሚታየው ምልክት በደረት ላይ የሚሰማ የመጫን፣ የመጨምደድ ወይም የማቃጠል ስሜት ነው። ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊዛመት ይችላል። የትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካምም ይኖራል። አንዳንድ ታካሚዎች ሕመሙ የሚሰማቸው ሥራ ላይ ሳሉ ሳይሆን ሥራውን ጨርሰው ሲያርፉ ነው።

ብዙዎች ይህንን ስሜት «ብርድ መትቶኝ ነው» ወይም «ጨጓራዬ ነው» በማለት ያልፉታል። በተለይ ሴቶች ምልክቱን ከድካም ወይም ከሐሳብ ጋር አያይዘው ወደ ጤና ተቋም ሳይመጡ ይቆያሉ። ይሁንና የልብ ጥቃቅን የደም ሥሮች ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም የወር አበባ ባቆሙት ላይ፣ በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ተጋላጭነትን ከሚጨምሩት መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ከፍተኛ የደም ቅባት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የአካል እንቅስቃሴ ማነስ ይጠቀሳሉ።

ምርምር ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተጀመረ አንድ ሰፊ ጥናት የደረት ሕመም ኖሯቸው የልብ የደም ሥር ምርመራ የታዘዘላቸውን ከ900 በላይ ሴቶች ተከታትሏል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ትልልቅ የደም ሥሮቻቸው ያልተዘጉ ነበሩ። ክትትሉ ግን የሕመሙ ምልክት የማይለቃቸውና የጥቃቅን የደም ሥሮቻቸው ሥራ የተዳከመ ሴቶች ለልብ ድካምና ለሌሎች የልብ ችግሮች የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ በፊት «ምንም የለሽም» ተብለው ይሰናበቱ የነበሩ ታካሚዎች ክትትል የሚያሻቸው መሆኑ ግልጽ የሆነው በእንዲህ ዓይነቱ ምርምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ይፋ የሆነው የስኮትላንድ ጥናት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ከተመዘገቡት 391 ታካሚዎች መካከል የተዘጋ የደም ሥር ያልተገኘባቸው 151 ሰዎች በልዩ ቀጭን ሽቦ አማካይነት የጥቃቅን የደም ሥሮቻቸው ሥራ ተለካ። ከዚያም በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ክፍል ታካሚዎች ውጤት ለሐኪሞቻቸው ተገልጾ ሕክምናው በዚያ መሠረት ተስተካከለ፤ የሌላኛው ክፍል ሕክምና የልኬቱ ውጤት ሳይገለጽ በተለመደው መንገድ ቀጠለ። ከስድስት ወር በኋላ የደረት ሕመማቸው ይበልጥ የቀነሰላቸውና የኑሮ ጥራታቸው የተሻሻለላቸው የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።

ምክንያቱ የሕመሙ ዓይነት መለየቱ ለመድኃኒት ምርጫ ወሳኝ መሆኑ ነው። የደም ሥር መኮማተር ያለበት ታካሚ የሚረዳው መድኃኒት፣ የደም ሥሩ መስፋት ካቃተው ታካሚ መድኃኒት ሊለይ ይችላል፤ ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው የማይስማማበት ጊዜም አለ። በመሆኑም የጎረቤትን ወይም የዘመድን የልብ መድኃኒት ተቀብሎ መውሰድ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የቡታጅራ ልምድ

የቡታጅራ አካባቢ ነዋሪዎች ለጤና ምርምር እንግዳ አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም አሥር ቀበሌዎችን መርጦ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን በቋሚነት ሲመዘግብ ቆይቷል። በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት የዚህ ዓይነት የምርምር ጣቢያዎች አንዱ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁ መረጃ ሰብሳቢዎችን ተቀብሎ የመለሰው ሕዝብ፣ ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ እናቶች ጤናና ስለ አእምሮ ሕመም በአገር አቀፍ ደረጃ ጥቅም ላይ የዋለ ዕውቀት አበርክቷል።

የልብና የደም ሥር ሕመም መንስኤዎችም በዚሁ አካባቢ ተጠንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የአዲስ አበባንና የቡታጅራን ነዋሪዎች ባካተቱ ጥናቶች የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በከተማ ኑሮ ጎልተው እንደሚታዩ ተረጋግጧል። በአዲስ አበባ ከ25 እስከ 64 ዓመት በሆናቸው ከ3,700 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት 31.5 በመቶ የሚሆኑት ወንዶችና 28.9 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ጫት አዘውትሮ መቃም ከደም ግፊት ከፍ ማለት ጋር ተያይዞ መገኘቱም የጥናቶቹ አካል ነበር። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉ ከተሞች እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ይህ ግኝት ለነዋሪዎቻቸው ይበልጥ ቅርብ እየሆነ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ተጋላጭነት ጥናትም ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሚሆናቸው ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አመልክቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታወቅ ሲቆይ በቅድሚያ ከሚጎዳቸው መካከል የልብ፣ የኩላሊትና የዓይን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገኙበታል።

ምርምር ወደ አገልግሎት ሲለወጥም በአካባቢው ታይቷል። በቡታጅራና በአካባቢው የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ የሚያገኙት ክትትል በሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አረጋግጧል። ለታካሚውና ለቤተሰቡ ይህ ማለት አጭር መንገድና አነስተኛ ወጪ ማለት ነው።

በሕክምና ምርምር የሚሳተፍ ሰው መብቶች

አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ የሕክምና ዘዴ በሰዎች ላይ የሚሞከርበት ጥናት በኢትዮጵያ የሚካሄደው የሥነ ምግባር ግምገማ ካለፈ በኋላ ነው። የመድኃኒት ሙከራ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። እንዲሳተፍ የተጠየቀ ማንኛውም ሰው የሚከተሉት መብቶች አሉት፦

– የጥናቱን ዓላማ፣ የሚደረግለትን ምርመራ፣ የሚጠበቀውን ጥቅምና ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት በሚገባው ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ጉራጊኛ ወይም ስልጢኛ፣ የመረዳት፤

– ቅጹን ከመፈረሙ በፊት የማሰብ፣ ቤተሰቡን የማማከርና ጥያቄ የማቅረብ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ገለልተኛ ምስክር ባለበት እንዲነበብለት የማድረግ፤

– አልሳተፍም የማለት፣ ከጀመረ በኋላም ምክንያት ሳይሰጥ የማቋረጥ፤ በዚህ ምክንያት የሚያገኘው መደበኛ ሕክምና አይቀነስበትም፤

– ስሙና የጤና መረጃው በሚስጥር እንዲያዝ፣ የተወሰደው የደም ናሙና ለምን እንደሚውልና የት እንደሚቀመጥ የማወቅ፤

– በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስበት ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ የማወቅና ቅሬታ የሚያቀርብበትን አድራሻ የመያዝ።

ለጥናት ለመመዝገብ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ቅጽ ሳያስነብብ የሚያስፈርም ወይም «ይህን ካልተሳተፍክ አትታከምም» የሚል ሰው ካጋጠመ፣ ጉዳዩን ለጤና ተቋሙ አስተዳደር ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የመጀመሪያው ደረጃ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። በዚያም የደም ግፊትና የስኳር መጠን ይለካል፤ የሕመሙ ታሪክ ይመዘገባል። ልኬቱ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናና ክትትል ይጀመራል። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ታካሚው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። የቡታጅራ አጠቃላይ ሆስፒታል እንዲሁም ለወልቂጤና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የአጣጥ ሆስፒታል በአካባቢው የሚገኙ ናቸው። የልብ የደም ሥር አንጂዮግራፊ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው በአዲስ አበባ በመሆኑ ወደዚያ የሚደረገው ጉዞ በሐኪም ውሳኔ ላይ ሊመሠረት ይገባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላትም የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ሲሄዱ ከአላስፈላጊ ወጪ ይድናሉ።

ለምርመራ የሚሄድ ተገልጋይ ቀደም ሲል የተሰጡትን የምርመራ ውጤቶች፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው እንዲሁም ሕመሙ መቼ፣ ምን ሲሠራና ለምን ያህል ደቂቃ እንደሚሰማው የሚገልጽ ማስታወሻ ይዞ ቢቀርብ ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል። ትልልቆቹ የደም ሥሮች እንዳልተዘጉ ከተነገረው በኋላም ሕመሙ ከቀጠለ «ሕመሙ ከጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ሊሆን ይችላልን? ክትትሌስ የት ይቀጥላል?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ልዩ መሣሪያ በሌለበትም ብዙ ማድረግ ይቻላል። ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክና የሌሎች ምርመራዎችን ውጤት አመዛዝኖ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ሲጋራን ማቆም፣ ከጫት መታቀብ፣ በቀን የሚበላውን ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ይጠብቃል። ለመስቀልና ለአረፋ በየቤቱ የሚዘጋጀው ክትፎ የባህል መገለጫ ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን ቅቤውን ቀንሶ፣ ጎመኑን አብዝቶ መመገብ ይኖርበታል።

የደረት ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ የሪፈር ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም። ታካሚው ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አጠቃላይ የጤና መረጃ ለማግኘት በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል።