ቡታጋዝ በደጋ ድንኳን ውስጥ፦ ነበልባል፣ አየርና ከፍታ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበ ገለጻ፣ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት ከራሴ ስሕተት በመነሣት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቡና ደን ጥናት ከተማሪዎች ጋር ከአጋሮ ወደ ጌራ ተጉዘን ድንኳን ተክለን ነበር። ማታ ዝናቡ ሲበረታ የቡታጋዙን ምድጃ ወደ ድንኳኑ አስገብተን ሽሮ ሠራን፤ ብርዱን ለማባረርም ምድጃውን ሳናጠፋ መግቢያውን ዘጋን። ጥቂት ቆይቶ አንድ ተማሪ ራሱን አመመው፤ አቅለሸለሸውም። «ምች ነው» ተባለና ዳማከሴ ፍለጋ ተጀመረ። ልጁ ሊያስመልስ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ሕመሙ ቀለል አለለት። ያን ጊዜ ዞር ብዬ ምድጃውን ብመለከት ነበልባሉ ቢጫ፣ የድስቱም ታች በጥላሸት የጠቆረ ነበር። ቴርሞዳይናሚክስ የማስተምረው እኔ ከፊቴ የነበረውን ምልክት አላነበብሁትም። ሁሉንም አስወጥቼ ምድጃውን አጠፋሁ። እንቅልፍ ወስዶን ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስብን እንደ ነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ምን ሆኖ ነበር? ቡታጋዝ የምንለው በግፊት ፈሳሽ እንዲሆን የተደረገ ፕሮፔን፣ ቡቴን ወይም የሁለቱ ቅልቅል ነው። አንድ እጅ የፕሮፔን ጋዝ ፈጽሞ እንዲቃጠል አምስት እጅ ኦክስጅን፣ ማለትም 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ቡቴን ደግሞ 31 እጅ ያህል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ በአንድ ሊትር አየሯ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ያንሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የባሌ ሳነቴ አምባ ጉድለቱ አንድ ሦስተኛ ይደርሳል። የምድጃው ጋዝ መውጫ ቀዳዳ ለዝቅተኛ ሥፍራ የተለካ ከሆነ፣ ከፍ ባልን ቁጥር ጋዙ በጥቂቱ ሲቀንስ የሚቀላቀለው ኦክስጅን ግን ይበልጥ ይቀንሳል። ምድጃና ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸው እንደ ቤት የሚያገለግሉ የጉዞ መኪኖችም ከዚህ ችግር አያመልጡም። ለእነዚህ መኪኖች ከሚሠሩት የጋዝ ማቀዝቀዣዎች የአንዳንዶቹ መመሪያ፣ ከ1,680 ሜትር ገደማ በላይ ነበልባሉ ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ጅማ ከዚህ ወሰን በላይ ናት።

አየር ያነሰው ነበልባል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ከሚገኘው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ቡታጋዝ ሲያፈስ የሚሸተን ለማስጠንቀቂያ ተብሎ የተጨመረ ቅመም ስላለው ነው፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አፍንጫችን ምስክር አይሆነንም። ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብርድ ነው። በባሕር ጠለል ግፊት ፕሮፔን እስከ ዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተንናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል። በተጨማሪም ጋዙ ሲተን ከራሱ ፈሳሽ ሙቀት ስለሚወስድ፣ ረዥም ጊዜ ስናበስል ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፤ ነበልባሉም ይደክማል። «አለቀ» ብለን ስንነቀንቀው ፈሳሹ ሲንቦጫቦጭ እንሰማለን። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩን ወደ እሳት ማስጠጋት ወይም ማጋደም እጅግ አደገኛ ነው፤ በእሳት ሲሞቅ ግፊቱ ያይላል፣ ሲጋደም ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ወደ ምድጃው ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው የማብሰያው ጊዜ ነው። ጅማ ላይ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ሳነቴ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ንፍሮው ይዘገያል። እኛም ምድጃው የደከመ ይመስለንና እሳቱን እንጨምራለን። ይሁን እንጂ የፈላ ውኃ እሳት ስለ ተጨመረለት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ትርፉ ጋዝ ማባከንና አየሩን ይበልጥ መበከል ነው። ባቄላውን አስቀድሞ መዘፍዘፍና ድስቱን መክደን ይሻላል።

እንግዲህ ለመስክ የምትወጡ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ደጋ ላይ የሚያንሰን አየር ሆኖ ሳለ ብርዱ በር እንድንዘጋ ይገፋፋናል። ምድጃው ከድንኳን ውጭ ይሁን፤ ዝናብ ካለ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ሥሩለት። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ አጥፉት። ሰማያዊ ቢሆንም በዝግ ድንኳን ውስጥ አትመኑት፤ እየነደደ የድንኳኑን ኦክስጅን ይጨርሳልና። የጋዝ ሽታ ከመጣ ክብሪትም መብራትም ሳትነኩ ውጡ፤ ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ምች ነው አትበሉ፤ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወደ ሕክምና አድርሱት። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል።