«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚላት ማን ነው?

የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን የጣና ዳር ሰው ነው፤ የተወለደው ዘጌ ነው። ታሪኩን ይዛ የምትጓዘው ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጃገረድ ናት። ልቦለዳችን ገና ሲጀምር በልጃገረድ እግር ነው የሄደው።

ልጃገረዷ ስታረግዝ ግን ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ብዙውን ጊዜ ከወዲሁ ይታወቃል፤ ትታለላለች፣ ትባረራለች፣ መጨረሻዋ ለሌሎች መቀጣጫ ይሆናል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የተጻፈው ለወላጇ እንጂ ለእርሷ አይመስለኝም።

አሜሪካዊቷ ጃክሊን ውድሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለወጣቶች በጻፈችው ልቦለድ ሌላ መንገድ ይዛለች። የ15 ዓመቷ ነፍሰጡር ርብቃ ከሃርለም ወደ እናቷ ጓደኛ ቤት ትላካለች። የቤቱ ልጅ አፌኒ 12 ዓመቷ ነው፤ እንግዳዋን አልወደደቻትም። ታሪኩን የሚያስኬደው እርግዝናው ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ልጆች ቀስ በቀስ መላመድ ነው።

ይህ መንገድ የሚሠራበት ምክንያት አለው። እርግዝና ልጅቷን ከሰው ይነጥላታል። ወላጅ፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት፣ ያስረገዛት ልጅ፣ ሁሉም የሚፈልግባት ነገር አለ፤ እንድትደብቅ፣ እንድትናዘዝ፣ እንድታገባ፣ ከዓይን እንድትርቅ። ምንም የማትፈልግባት አንዲት ሰው ስትመጣ ነው በራሷ አፍ መናገር የምትጀምረው።

ታሪኩን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ስንቃቸው ከቤተሰብ ነው። ከሁለቱ አንዷ አረገዘች እንበል። ሆዷ ሲገፋ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት አገር ቤት መሄዱ ቀረ። እስከዚያ ቀን እምብዛም የማትቀርባት፣ አብራት የተከራየች ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች። «ጥናት በዝቶባት ነው የቀረች፣ እማማ» ብላ ለእናቲቱ ትዋሻለች፤ የሁለቱንም ድርቆሽና ሽሮ ተሸክማ ትመለሳለች።

ባል ያላት ነፍሰጡር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትባላለች። ስትገላገል ገንፎ ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጠያቂ ይጎርፋል። ያለ ባል ያረገዘችው ግን ምርቃቱ ቀርቶባት ሐሜቱ ይደርሳታል። ያቺ ጓደኛ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብትላት፣ ከአሥር ገጽ ምክር የሚበልጥ ትዕይንት ይሆናል።

በአማራ ክልል ገጠር ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች የሚያረግዙት ተድረው ነው፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም። የተዳረችው ልጅ ምርቃቱን ታገኛለች፤ ጓደኛ ግን ታጣለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ቀበሌ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ፕሮግራም ይህን ተረድቶ ነበር። ያላገቡትን ትምህርት ቤት ከማቆየቱ ሌላ ያገቡትን ልጆች በሳምንት አንድ ቀን ይሰበስባቸው ነበር። ከባሏና ከአማቷ ቤት ውጭ እኩያዋን የምታይባት አንዲት ቀን! ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ያለዕድሜ ጋብቻን በእጅጉ መቀነሱም በጥናት ታይቷል።

ሌላም ያልተጠበቀ ጓደኝነት አለ። ማሚቱ ጋሼ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ለቀናት አምጣ ልጇን አጣች፤ ፊስቱላ ይዟት ከዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ከባለቤታቸው ከሬጅ ዘንድ ደረሰች። ከዳነች በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ፣ በቀዶ ሕክምናው እየረዳች፣ ፊደል ሳትቆጥር ቀዶ ሐኪም ሆነች። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ሁለቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይተዋወቁ ነበር። አንዲት የገጠር ልጅና አንዲት አውስትራሊያዊት ሐኪም፤ ይህን ጓደኝነት ማን አስቀድሞ ይገምተው ነበር? የሐምሊኖች የፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የከፈተው እዚሁ ባሕር ዳር ነው።

ለወጣት የምትጽፉ የጣና ዳር ደራስያን፣ ለነፍሰጡሯ ልጅ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራችሁ ጓደኛ ስጧት። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ 100 ኢትዮጵያውያት 13ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። አንባቢዎቻችሁ እነርሱም ናቸው።