ስሙ ተሸፍኖ ስለሚቀመስ ሸቀጥ

የንግድ ምልክቱን ሸፍኖ ሸቀጥን ማስቀመስ፣ የሸማቹን ምርጫ ለማወቅ የታመነ ዘዴ ነው፤ ቀማሹ ስም ሳያይ በጣዕም ብቻ ይፈርዳልና። ቀድሞ የቀረበው ያላግባብ እንዳይመረጥም፣ የአቀራረቡ ተራ ከቀማሽ ወደ ቀማሽ ይለዋወጣል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የአሜሪካው ኮካ ኮላ ኩባንያ 200,000 ለሚጠጉ ሰዎች አስቀምሶ ብዙዎቹ የመረጡትን አዲስ ቅመማ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1977 ዓ.ም. በቀድሞው ፈንታ አወጣ። የተቃውሞ ስልክና ደብዳቤ ስለ ጐረፈበት ግን፣ በ79ኛው ቀን የቀድሞውን መልሶ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ፈተናው የምላስን ፍርድ እንጂ፣ ሕዝቡ ለቆየው መጠጥ ያለውን ፍቅር አልለካም ነበር።

ስለዚህ ነባር ሸቀጡን ለመለወጥ የሚያስብ ነጋዴ፣ «የትኛው ይጣፍጣል?» ካለ በኋላ፣ «የቀድሞው ቢቀርስ?» ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።