የእናትዎን ስኒ ለልዋጭ ከመስጠትዎ በፊት

ለመሆኑ ከእናትዎ ወይም ከአያትዎ የወረሱት አሮጌ ስኒ ወይም የአበባ ማስቀመጫ በቤትዎ ይገኛል? በወልድያና በቆቦ መካከል ባለችው ጎብዬም ሆነ በአዲስ አበባ፣ «ልዋጭ!» የሚለው ነጋዴ ደጃፍ ላይ ሲቆም አሮጌውን በአዲስ መለወጥ ቀላል ነው። የሄደውን ማስመለስ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

«ስኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። የቻይና ሸክላ ወደ አገራችን መግባት የጀመረው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የተካሄደውና ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ቁፋሮ፣ ከመካከለኛው ዘመን የቀረ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ዛሬ በየቤታችን ያለው ስኒ አብዛኛው የፋብሪካ ውጤት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? አንደኛ፣ ዕቃውን ወደ ብርሃን ያንሡት። ስስ ፖርሴሊን ከሆነ የጣትዎ ጥላ በጀርባው ይታያል፤ ተራ ሸክላ ግን አያሳይም። ሁለተኛ፣ በጥፍርዎ በቀስታ ይምቱት። ደህናው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ሦስተኛ፣ ገልብጠው ሥሩን ይመልከቱ። በላቲን ፊደል «ቻይና» ወይም «ጃፓን» የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ አስገድዳለችና። በቻይና ፊደል የንጉሥ ስም ቢገኝበትም ቸኩለው አይደሰቱ። እ.ኤ.አ. ከ1662 እስከ 1722 የነገሠው የካንግሺ ስም በኋለኛው ዘመን በተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ላይ ተጽፏል።

ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው ብቻ አይደለም። የሥዕሉ ጥራት፣ የአካሉ ደህንነትና ታሪኩም ይቆጠራሉ። ጥንድ የአበባ ማስቀመጫ ለሁለት እህቶች ማካፈል ፍትሐዊ ቢመስልም የሁለቱንም ዋጋ ይቀንሳል። ወርቅ ቅቡን በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈትጉ፤ ቢሰበርም ስባሪውን አይጣሉ።

ገዢ ቢመጣ በመጀመሪያው ዋጋ አይስማሙ። ፎቶግራፍ አንሥተው ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደሚከለክልም አይዘንጉ።

ከሁሉ በላይ ግን አያትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው፤ ዕቃው ከየት ተገዛ? ማን አመጣው? መቼ? መልሱን በወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋር ያኑሩት።